ሰሌዳውን ለማውረድ የተላክን ሽማግሌዎች

የሜዳችን በር ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ስም ተሰቅሎ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው ኋላ ላይ እናገራለሁ፤ እስከዚያው ሁላችንም እንጠራቸው እንደነበረው ጋሼ ልበላቸው።

ሜዳው ሮተርዳም ደቡብ ነው። ንብረትነቱ የከተማው ሲሆን እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወትበት ተከራዮች ነን። እኔ ከሆግቭሊት እመጣለሁ፤ ሌሎቹ ከዴንሃግ፣ ከአምስተርዳም፣ አንዳንዴም ከዚያ ርቀው ይመጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ የአረጋውያን አልጋ ሲያነጥፍ፣ ቢሮ ሲያጸዳ፣ ወይም እንደ እኔ ትራም ሲነዳ የሰነበተ ሰው ነው የሚመጣው። አብዛኞቻችን ሆድ አውጥተናል። ቢሆንም ሜዳ ውስጥ ከገባን አንዳችን ለአንዳችን አናዝንም።

ጋሼ ኳስ አይችሉም ነበር። ይህን የምለው ስለምወዳቸው ነው። የሚችሉት መስመር ማስመር ነበር። ከተማው መስመር የሚያሰምር ሰው ነበረው፤ ነገር ግን እሱ የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ስለነበር ጋሼ ከአሮጌ የሕፃን ጋሪና ከቀለም ባልዲ የራሳቸውን ማስመሪያ ሠሩ። ቅዳሜ ጠዋት ቀድመው ይደርሳሉ፣ ችካል ይቸክላሉ፣ ሲባጎ ይወጥራሉ፣ ከዚያ ጋሪያቸውን እየገፉ ሜዳውን ይዞራሉ። ያልደረቀ መስመር የረገጠ ሰው የዚያን ቀን ሰላም አያገኝም። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሰው ላይ ግን አንድም ቀን ሲቆጡ አላየሁም።

ጋሼ አንድ የጫማ ሣጥንም ነበራቸው። ከስደተኞች ካምፕ አዲስ የመጣ ሰው ሲደውልላቸው የትኛውን ባቡር ይዞ የት እንደሚወርድ ነግረውት፣ እዚህ ሲደርስ ከሣጥኑ ጫማ ይሰጡታል። እኔም እንደዚያ ነው የመጣሁት። ለእግሬ ሁለት ቁጥር የሚሰፋ ጫማ ሰጡኝ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ተጫወትኩ። ማንንም በማላውቅበት አገር በስሜ ጠርቶ «ኳሱን ልቀቅ እንጂ!» ብሎ የጮኸብኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ወደ ካምፕ ስመለስ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ሲሞቱ ሜዳውን በስማቸው ሰየምነው። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሥዕል የሚችል ሰው ሰሌዳውን በእንጨት ላይ ጻፈልን፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በደች። የደቹ ፊደል ትንሽ ተንጋዷል። ጨርቁን የገለጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸውን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በየዓመቱ በሙት ዓመታቸው እንጫወታለን፣ ጸሎት ይደረጋል፣ አብረን እንበላለን። እትዬም ሁልጊዜ ከዴንሃግ ይመጣሉ፤ ወንበራቸውን የማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ያደርጉና ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሱም።

ከዚያ የልብስ መቀየሪያው ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ባልዲ አስቀመጥን፣ ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፣ ቀጥሎ ከኸሜንተው፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ደብዳቤ መጣ። ጣራው እስከ በጋ ካልታደሰ ኪራዩ አይታደስም ይላል። ጣራ የማደስ አቅም እንደሌለን ለማወቅ ስብሰባ አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ግን ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን።

ሊቀመንበራችን እዚህ አገር ያደገች ሴት ናት። አምስተርዳም ቢሮ ትሠራለች፣ ከሁላችን የተሻለ ትጫወታለች፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ትላለች። ይህ ነገር ለዓመታት ሲያናድደኝ ኖሯል። እኔ ድሮም ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ትራም መንዳት ደግሞ ጠባይ አያሻሽልም። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ «ስፖንሶር አግኝቻለሁ» አለች። ዛንዳም ውስጥ የጤፍ ዱቄት አሽጎ የሚሸጥ የአገራችን ሰው ነው። ጣራውንም ሻወሩንም ያሠራል። በምላሹ ሜዳው ለአምስት ዓመት በዱቄቱ ስም ይጠራል።

አንዱ «የጋሼ ስምስ?» አለ።

«እዚህ አገር እኮ ትልልቆቹ ስታዲየሞች ሳይቀሩ ስማቸውን ይሸጣሉ» አለች። «ኖርማል ነው። እኛ ከእነሱ እንበልጣለን?»

ያለችው እውነት ነው። እኔም በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ወደ ስታዲየም የሚሄድ ሽማግሌ ተሳፋሪ መንገድ ሲጠይቀኝ የድሮውን ስም ነው የሚጠራው፤ ልጅ ልጁ የአሁኑን ይጠራል፤ ሁለቱም አንድ ፌርማታ ይወርዳሉ። ማንም ሲያለቅስ አላየሁም። ግን እነዚያ ስታዲየሞች ውስጥ የሕፃን ጋሪ እየገፋ መስመር ያሰመረ ሰው መኖሩን እኔ አላውቅም። የእኛን አውቃለሁ።

ሰውዬውን ለማነጋገር ዛንዳም ሄድን። ማሸጊያው ውስጥ ለመግባት ነጭ ካፖርትና የፀጉር መሸፈኛ ላስቲክ ታደለን። አብረውን የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አላወልቅም ስላሉ ላስቲኩን ከባርኔጣው በላይ አጠለቁት። ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ሆኖ አስገባን። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀል ነበር፤ እሱ ግን ጨዋ ነው። «ጋሼን በአካል አላውቃቸውም» አለን። «ሞያዬ ዱቄት ነው፣ ስሙን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ግን ቤተሰባቸው ከፈቀደ ብቻ ነው። የሟች ስም አስወርዶ የራሱን የሰቀለ ሰው መባል አልፈልግም።»

በባቡር ስንመለስ ሊቀመንበሯ ስልኳን አወጣች። «ማይልቸ፣ አጭር ኢሜይል፣ ልላክላት? ወይም ልደውል። ‹ነገሩ እንዲህ ነው፣ ትፈቅጃለሽ ወይ?› እላታለሁ።»

ደሜ ፈላ። የጋሼን ሚስት! «አንቺ» ተብለው! በስልክ! «እንዲህ ያለ ነገር በኢሜይል አይጠየቅም» አልኳት። «እኛ ወግ አለን። ሽማግሌ ይላካል።»

«ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ለከበደ ነገር ሁሉ ይላካል» አልኩ። ባርኔጣ ያደረጉትም ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ስልኳን ከተተች። ያን ቀን የጋሼን ክብር ያስጠበቅሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው እኒያ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው አምስተልቨን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ ጴንጤ የሆነ ወንድማችን ነው፤ በሽምግልና ሃይማኖት አንለይም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ቤታቸው እንደሚገኙ እናውቅ ነበር። ዴንሃግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከረባት አስረን ደወልን።

እትዬ በሩን ከፍተው ሦስታችንን ከነከረባታችን ሲያዩ ደነገጡ። ካስገቡን በኋላ «ተቀመጡ እንጂ» አሉን።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

እትዬ ተራ በተራ አዩንና ሳቁ። «ልጄን ድሬአለሁ። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ዘግይታችኋል።»

እኛም ሳቅን። ከዚያ ሽማግሌው ንግግራቸውን ጀመሩ። ጋሼ ደግ ሰው እንደነበሩ፣ ጫማ ያልሰጡት እንደሌለ፣ ጣራው እንደሚያፈስ፣ ደብዳቤ እንደመጣ፣ ሜዳው ከተወሰደ የጋሼ ድካም ከንቱ እንደሚቀር ተናገሩ። ስሙ ከበሩ ይውረድ እንጂ ከልባችን አይወርድም ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። አነጋገራቸው እንዴት ያምር እንደነበር! እኔ ኮራሁ። ሦስታችንም በሩ አጠገብ፣ እጃችንን አጣምረን እንደቆምን ነን።

እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ወለሉን ሲያዩ ቆዩና «ሦስት ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቆሞ ምን እላለሁ?» አሉ። «ይሁን። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ምሳ አቀረቡልን፤ በላን፤ መርቀን ወጣን። ሊፍት ውስጥ ወንድማችን «ጌታ በሩን ከፈተልን» አለ። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ «ቶሎ አሉ» አሉ።

«ምኑን?»

«እሺውን። ቶሎ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» አልኩ። እኔም ነገሩን እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ጥዬው ወጣሁ።

ሰሌዳውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። አራት ብሎን ነበረው፤ አንዱ ዝጎ እምቢ ስላለኝ በመዶሻ መታሁት። ከኋላው የበሩ ቀለም እንደ አዲስ አረንጓዴ ነበር። ሰሌዳውን በአንሶላ ጠቅልዬ ቤት ወስጄ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከብስክሌቶቹ ኋላ አቆምኩት። አዲሱ ትልቅ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ የጤፍ ዘለላ ሥዕል አለበት። ጣራውም በሰዓቱ ተሠራ። እውነቱን ልናገርና ሻወሩ ግሩም ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበትን ዘመን የሚናፍቅ ሰው አላገኘሁም።

በምረቃው ቀን እትዬ መጥተው አጨበጨቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ኩባንያው አዲስ ማልያ ልኮልን ስለነበር ሁላችንም ደረታችን ላይ የዱቄቱን ስም አድርገን ነው የገባነው። ጸሎት ተደረገ። ማይክሮፎን የያዘው ልጅ የሜዳውን አዲስ ስም ጠርቶ እንኳን በደኅና መጣችሁ አለ። በክፋት አልነበረም፤ ስሙ እሱ ነው። እትዬ ወንበራቸውን እንደ ድሮው ማዕዘኑ ጋ አድርገው ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ተነሥተው ወንበሩን አጠፉ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። «እትዬ፣ ምነው? ገና እኮ ነው።»

«ትራሜ ደረሰ» አሉኝ።

የዚያን መስመር ትራም የምነዳው እኔ ነኝ። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ለሩብ ሰዓት ያህል የሚመጣ ትራም የለም። እትዬ ወንበራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ፌርማታው ሲሄዱ ማልያዬን እንደለበስኩ ቆሜ አየኋቸው።

ከጨዋታው በኋላ ለሊቀመንበሯ ነገርኳት። እየቀለደች አልነበረም፤ ዝም ብላ ነው የተናገረችው። «ያኔ ማይል ብልክላት ኖሮ ‹ኔይ›፣ አይሆንም፣ ትለኝ ነበር» አለች። «አንድ መስመር። ለእኔ ኔይ ማለት እኮ አይከብዳትም፤ እኔ ለእሷ ማን ነኝ?»

ተቆጣሁ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ወግ አይገባውም፣ ምናምን አልኳት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ትራም እየነዳሁ ነገሩን አመላለስኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ፌርማታ ሳልቆም አልፌ ተሳፋሪ ጮኸብኝ።

ሽማግሌው ሊፍት ውስጥ ያሉት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌ ሲላክ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት የለም። «ሰምተናል፤ እንመካከርና በዚህ ቀን ተመለሱ» ነው የሚባለው። ሁለቴ ሦስቴ ያመላልሱሃል። ክብሩ ያለው እዚያ ነው፤ እምቢ ለማለትም ቀዳዳው እዚያ ነው፤ አጎት እምቢ ይላል፣ ታላቅ ወንድም እምቢ ይላል፣ የልጅቱ እናት ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። እትዬ ግን ማንን ይማከሩ? ልጃቸው ሩቅ ናት። ዕድሜ ልካቸውን የተማከሩት አንድ ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ የእሱን ስም ልናወርድ ነው የመጣነው። ሦስት ወንድ ከረባት አስሮ ሳሎናቸው ውስጥ ቆሞ አልቀመጥም አለ። እምቢ የሚሉበትን በር የዘጋሁት በወጋችን ነው። ያቺ «አንቺ» ባይዋ ልጅ ግን ክፍት አድርጋው ነበር። ከዚህ በላይ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እኔ ግን ስሕተት ከሠራሁ ወዲያው ማስተካከል የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህም ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ዛንዳም ደወልኩና የጋሼ ስም ሜዳው በር ላይ እንዲመለስ ጠየቅሁ። ሰውዬው አላንገራገረም። «ከእኛ ስም ሥር በሁለተኛ መስመር ይጻፍ፤ ሰሌዳውን እኔ አሠራለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ የጋሼን ሰሌዳ ከዕቃ ቤት አውጥቼ፣ ከነአንሶላው በሜትሮ፣ ከዚያ በባቡር ዴንሃግ ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ለእትዬ አስረክቤ የአዲሱን የምሥራች ልነግራቸው ነው። ባቡር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሥዕል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

እትዬ ከፈቱልኝ። ሰሌዳውን በአንሶላው ውስጥ ሆኖም ሳያውቁት አልቀሩም። «ተቀመጥ» አላሉኝም። እኔም መሐል ሳሎን ሰሌዳዬን ተደግፌ ቆሜ ስለ ሁለተኛው መስመር ነገርኳቸው። ፊደሉ ትልቅ እንደሚሆን፣ በአማርኛም በደችም እንደሚጻፍ፣ ሰውዬው በደስታ እንደተቀበለ ነገርኳቸው። ስጨርስ አመስግነው የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሽማግሌ ሆነህ ነው የመጣኸው?»

«አይ፣ እትዬ። እንዲያው ራሴን ሆኜ ነው።»

«እንግዲያው እምቢ ማለት እችላለሁ?»

«ይችላሉ» አልኩ።

«እምቢ» አሉ።

ቃሉ ለራሳቸውም የገረማቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ። «ዱቄቱ ጥሩ ነው፤ እኔም እሱኑ ነው የምገዛው፤ ይኸው ወጥ ቤት አለ። ጣራውንም ደግ አደረጋችሁ። እሱም ቢኖር ለጣራው እሺ ይል ነበር። ነገር ግን ስሙ ከዱቄት ሥር አይጻፍም። አንድ ጊዜ አወረዳችሁት። ሌላው ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛውን መስመር ታወርዱታላችሁ፤ ያኔም ሽማግሌ ትልኩብኛላችሁ፤ እኔም ተቀመጡ እላለሁ። ከእንግዲህ በሰሌዳም፣ በማልያም፣ በወረቀትም ስሙን እንዳትጽፉት። አንተም ጭምር።»

«እሺ» አልኩ። እዚህም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም። «ያን ቀን እምቢ ሊሉን ፈልገው ነበር?» ብቻ አልኳቸው።

«እስክትወጡ ጠብቄ በሩን ዘግቼ ነው ያልኩት» አሉኝ።

ሰሌዳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከባድ ነው፤ ልርዳዎት ብል እጄን ገፉት። አንሶላውን ገለጡና የተንጋደደውን የደች ፊደል በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ከካፖርት መስቀያው ሥር አቆሙት። አንሶላዬን አጣጥፈው መለሱልኝ። እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነበርኩ።

«በል አሁን ተቀመጥ» አሉኝ።